ሁለት ምት

ዘንጉ ሦስት ክንድ ነው፣ ጫፉ ላይ ኳስ አለ፣
ክሎሪን በልቶት አመድ የመሰለ።
ልጄን የመታኋት በዚሁ ዘንግ ነው፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ እያየኝ ስንቱ ሰው።

አትደንግጡብኝ፤ ሕጉ ራሱ ያዛል፤
ዓይኑ የማያይ ዋናተኛ፣ ግድግዳ ሲቀርብ አናቱን ይመታል።
ለመዞሪያው አንድ ምት፣ ለመጨረሻው ሁለት፤
በሷና በኔ መሀል ይኸው ነው ያለን አንደበት።

ሳኬላሪስ እባላለሁ፤ ካሊምኖስ ነው አገሬ፣
ስፖንጅ ሲለቅም ባሕር የዋጠው ነው ዘሬ።
እኛ ዘንድ በትንሣኤ ሌሊት ደወል ብቻ አይበቃም፤
ድማሚት ካልፈነዳ ሞት የተሸነፈ አይመስለንም።
ከሁለቱ ተራራ እንወረውራለን፣
ወደቡ ሲንቀጠቀጥ እንስቃለን።

ያን ዓመት ክሩን የለኮስኩት
ከቤተ ክርስቲያን ይዤ በወጣሁት ሻማ ነው።
ፎቲኒ ሰባት ዓመቷ ነበር።
አጥሩን ዘላ ከኋላዬ መጣች።
«እኔም ልየው» አለች።

(ፎቲኒ ማለት ብርሃን ማለት ነው።
ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ።)

ዘመድ አዝማድ መጥቶ «የእግዜር ሥራ ነው» አለ፤
ባሩድ የሚሸተው እጅ ግን የኔ ነበር።
እናቷ ስማሮ ምንም አላለችኝም፤
የራት ሳህኔን ብቻ ለየች።

ሁለት ዓመት ግድግዳ እየዳበሰች ኖረች፤
በሦስተኛው በጋ ከጀልባዬ ጫፍ ዘለለች።
ልቤ ቆመ። እሷ ግን ብቅ አለች እየሳቀች፤
«እዚህ ታች ጨለማው የሁሉም ነው» አለች።

አቴና ወሰድኳት። አሠልጣኟ ካሎቲና፣
«ሌላው ይቆየን» አለቻት፣ «ዋናው ነገር ዋና»።
ከዶሮ በፊት ተነሥታ በቀን ስድስት ሺህ ሜትር፣
ክንዷን የመስመሩ ገመድ ሲልጥ፣ ሲቧጭር።
ቀዘፋ ትቆጥራለች፤ አርባ ላይ ትጠብቀኛለች፤
እኔን፣ ያንኑ እጅ፣ አናቷን ሰጥታ ታምነኛለች።

እና በመጀመሪያው ትልቅ ፍጻሜ፣ አይንድሆቨን ላይ፣
እጄ ከበደኝ።
ኳሱ አናቷ አጠገብ ሲደርስ የዚያ ሌሊት ድምፅ መጣብኝ።
ዘገየሁ። ግማሽ ሰከንድ።
በሙሉ ፍጥነቷ ግድግዳውን መታችው፤
ሁለት ጣቷ ተሰበረ፤
አራተኛ ወጣች።

ሐኪሙ ጣቷን ሲጠቀልል ፊቷን ወደ ትንፋሼ መለሰች፤
«አንዴ ሳታስብ መታኸኝ፣ አባባ» አለች፣
«ከእንግዲህ አስበህ ምታኝ።»
ያንን ሌሊት ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላነሳችብኝ።

ከዚያ ወዲያ አልሳትኩም።
ሦስት ወርቅ፣ ሁለት ብር፣ አንድ ነሐስ፤
አንድ ደግሞ የሰው መስመር ገብታ የተሰረዘችበት፣
በቁጣ ሙሉ ቀን እህል ያልቀመሰችበት።
የመጨረሻውን ወርቅ ጆሮዋ ላይ አንቀጫቀጨችው፤
ውስጡ ጠጠር አለው፣ የማያይ ሰው በድምፁ እንዲለየው።
ሕዝቡ ወርቁን አየ። ሰሙን የማውቀው እኔ ነኝ፤
ከዚያች ሻማ ተንጠባጥቦ አውራ ጣቴ ላይ ጠባሳ ሆኖ ቀረብኝ።

ዘንድሮ ሠላሳ አምስት ሞላት። ዘንጉ የቲማቲም ድጋፍ ሆኗል፣
ኳሱን የጎረቤት ውሻ ወስዶታል።
ጠዋት ጠዋት ከሚርቲየስ ወደ ቴሌንዶስ ትሻገራለች፤
እዚያ ግድግዳ የለም፤ ድንጋዩን ራሷ ዳብሳ ታገኛለች።
እኔ በጀልባ እከተላታለሁ፣ ዝም ብዬ።
እጄ ግን ጡረታ መውጣቱን አልሰማም፤
ዳርቻው ሲቀርባት ከመቅዘፊያው ላይ ይነሣል፣
ባዶውን አየር
ሁለቴ ይመታል።